ለፍላጻ የሚሆን ሽመል

ለጎጆ ጣሪያ የሚሆን ሽመል መሸጥ ቀላል ነው። ገዢው እስሩን በእግሩ ገፋ ያደርግና «ነቀዝ አለው?» ይላል። «ይህን የነካ ነቀዝ ጥርሱ ይረግፋል» ትለዋለህ። ይስቃል፣ ጥቂት ይከራከርሃል፣ በአህያ ጋሪ ጭኖ ይሄዳል። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ስንት ዓመት የበላሁት እንጀራ በዚህ ሳቅ የተገኘ ነው። ለፍላጻ የሚሆን ሽመል የሚገዛ ሰው ግን አይስቅም። አንዷን ዘንግ ይዞ፣ አንተን ረስቶ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ሲያዳምጣት ይውላል።

እኔ የማውቀው እንዲህ ያለ ገዢ አንድ ብቻ ነበር። መፋዛ ውስጥ፣ ራሀድ ወንዝ ዳር፣ ፍላጻ የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ። አያቶቻቸው ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው ወደ መካ ሲጓዙ ስንቃቸው እዚያ ወንዝ ዳር አልቆ እዚያው የቀሩ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌውም መካን በዐይናቸው አላዩም፤ አገሩ ሁሉ ግን «ሐጅ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ማንንም አላረሙም። እኔንም ገበያ ውስጥ «ኡስታዝ»፣ መምህር እንደማለት፣ የሚለኝ ነበረ፤ ማንበብ የተማርኩት በሎሪ ጎን ላይ የተጻፈውን እየተከተልኩ መሆኑን እያወቀ። ሰው የሰጡትን ማዕረግ አይመልስም።

ፍላጻቸውን የሚወስዱት ከብት አርቢዎቹ ናቸው። ዝናቡ ሲያበቃ ከብታቸውን እየነዱ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፤ ጅቡን ከጥጃው የሚያርቁት፣ ጅግራውን የሚያወርዱት በቀስት ነው። ክላሽ ያለው እንኳ ቀስቱን ከትከሻው አያወርድም ነበር። አንዱን አርቢ ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «ጥይት ይጮሃል፣ መንግሥት ይሰማል። ፍላጻ አፍ የለውም» አለኝ። እነዚህ ሰዎች መፋዛ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ሐጁ ራኩባ ነው፤ ራኩባ የሚባለው ከሽመልና ከሣር የተሠራ ጥላ ነው። እዚያ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ፣ ማን እንደሞተ፣ የማን ላም እንደወለደች እያወሩ፣ ዘንጉ ተቃንቶ ላባው እስኪታሰር ይጠብቃሉ። ሐጁ ልጅ አልነበራቸውም። የእርሻ ቁራሻቸውን ወንዙ ቆርሶ ቆርሶ ጨርሶታል። የነበራቸው ይህ የአርቢዎቹ መጠበቅ ነው። ሽመል ካለ ራኩባው ይሞላል፣ እሳቸውም ሐጅ ናቸው። ሽመል ከሌለ ግን ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ደግሞ በየጥላው ሥር ሞልቷል።

ሽመሉ የሚመጣው ከላይ፣ ራሀድ ከኢትዮጵያ ቆላ ከሚወርድበት፣ ከኮሮቹ ዳር ነው። ኮር የሚሉት በክረምት ወንዝ፣ በበጋ መንገድ የሚሆነውን ፈፋ ነው። የሚቆርጥልኝ አንድ የቋራ ሰው ነበር፤ ማተቡን ከአንገቱ፣ መጥረቢያውን ከትከሻው የማይለይ። ጨረቃ ሙሉ ሳለች ብትገድለው አይቆርጥም። «ያኔ ውሃው ላይ ወጥቷል አያ፣ ውሃ ያለበት ሽመል ነቀዝ ይጠራል» ይለኛል። ጨረቃ ስትጎድል ይቆርጣል፣ እኔ በሎሪ አስጭኜ አወርዳለሁ፣ ሐጁ ከማድ ቤታቸው ጣሪያ ሥር ጭስ ላይ ሰቅለው ያደርቁታል። ያልደረቀ ሽመል ለፍላጻ አይሆንም፤ እርጥቡ ዛሬ ቢያቃኑት ነገ ወደ ጠማማነቱ ይመለሳል። የሥራው ልፋት ሁሉ ማድረቁ ላይ ነው። እየገለበጡ፣ እያሰሩ፣ እየፈቱ፣ ጭሱ እንዳይበዛበት እየጠበቁ።

ምርጫው ሲሆን ሐጁ ምንጣፍ አንጥፈው ይቀመጣሉ፣ እኔ እስሩን ፈትቼ አንድ በአንድ አቀብላቸዋለሁ። መጀመሪያ ዕድሜውን ያያሉ። አንጓው ላይ ነጭ ዱቄት ያልለቀቀው የዓመት ልጅ ነው፤ «ይህ ጡት አልጣለም» ብለው ይጥሉታል። ቆዳው ላይ ሽበት የመሰለ ነጠብጣብ ያወጣውም ያረጀ ነው። ሦስት ክረምት ያየ ይፈልጋሉ። ቀጥሎ አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አጋድመው ያሽከረክሩታል። ቀጥ ያለው ጥፍሩ ላይ እንደ ድመት ያንጎራጉራል፤ ጠማማው እንደ ፌንጣ ይዘልላል። ከዚያ ጫፉን ድንጋይ ላይ ጣል ያደርጉና ድምፁን ይሰማሉ። በመጨረሻ አንዱን ጫፍ ደረታቸው ላይ፣ አንዱን መዳፋቸው ላይ አድርገው ገፋ ያደርጉታል፤ ምን ያህል እንደሚጎብጥ፣ ሲለቁት ደግሞ በምን ፍጥነት እንደሚመለስ። በአንድ ከረጢት የሚገቡ ፍላጻዎች ክብደታቸውም ጉብጠታቸውም አንድ መሆን አለበት። «ወንድማማች» ይሏቸዋል። ወንድማማች ካልሆኑ የተኳሹ እጅ አንዱን ሲለምድ ሌላው ያታልለዋል።

ያለፈው በስተቀኛቸው ይቀመጣል። በስተግራ የሚጣለው ለጣሪያ ነው፤ ለጣሪያም የማይሆነው ወደ ባለቤታቸው እሳት ይሄዳል። ባለቤታቸውን ኻልቲ እላቸው ነበር፣ አክስቴ እንደማለት። ስመጣ ከማድ ቤት ሆነው ይጮሃሉ፦

«አንተ ሐበሺ፣ ዛሬም ማገዶ አመጣህልኝ? አላህ ይስጥህ!»

እኔም እከራከር ነበር። የነጋዴ ምላስ ካልሠራ ይዝጋል።

«ሐጅ፣ ይህኛው ደግሞ ምን አጠፋ?»

«አንጓው መካከሉ ላይ ነው።»

«ሽመል ያለ አንጓ በቅሎ ያውቃል?»

«ሰውም ያለ ጉልበት አይሄድም። ጉልበትህ ሆድህ ላይ ቢበቅልስ?»

ኻልቲ ከውስጥ ይስቃሉ። እኔ ሌላ አነሣለሁ፤ «ይህን የመሰለ ሽመል ቋራ ውስጥ ሁለተኛ አልበቀለም» እላለሁ። እሳቸው ያሽከረክሩታል፣ በስተግራ ይጥሉታል። «አላህ ለጣሪያ የፈጠረውን አንተ ፍላጻ ካላደረግሁ ትላለህ።» ከአንድ ጭነት ውስጥ በስተቀኝ የሚቀረው አንድ እቅፍ አይሞላም። በዚህ ዓይነት ገዢ የከበረ ነጋዴ የለም፤ እኔም አልከበርኩም። ግን በየበጋው ተመልሼ ሄድኩ። ነጋዴ የሚወደውን ደንበኛ ያገኘ ዕለት መክሰር ይጀምራል፤ ይህን ከገበያ ሳይሆን ከራሴ ነው ያየሁት።

አንድ ዓመት ቆራጩ እስር ሳይሆን ጆንያ ተሸክሞ መጣ። ፊቱ ላይ የሠርግ ቤት ፈገግታ ነበረ።

«አያ፣ ሽመሉ እህል አፈራ።»

«ጠጥተሃል?»

«ቅመሰው!»

ጆንያው ውስጥ እንደ አጃ የሾለ ፍሬ ሞልቷል። ቀቅለን በላነው። ሩዝ ሩዝ ይላል፣ መጨረሻው ላይ ሣር ሣር። እድሜውን ሙሉ ሽመል ሲቆርጥ ኖሮ ሲያብብ አይቶት እንደማያውቅ ነገረኝ። ያን ዓመት ግን ኮሩን ተከትሎ ያለው ዱር በሙሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ በአንድ ጊዜ አበበ።

«ሽማግሎቻችን ሽመል ሲያፈራ ክፉ ቀን ነው ይላሉ» አለ እየበላ።

«የናንተ ሽማግሎች ክፉ ቀን ያልሆነ ምን ያውቃሉ?» አልኩት። እኔም እየበላሁ ነበር።

ፍሬው ከረገፈ በኋላ ሽመሉ በቁሙ ደረቀ። እዚህ ላይ ነው የኛ ሙያ ያሳወረን። ሌላ ሰው ደርቆ የቆመ ዱር ቢያይ ሞቷል ይላል፤ ገበሬም፣ እረኛም፣ ሕፃንም ይህን ያውቃል። እኛ ግን ኑሯችንን ሁሉ ሽመል እስኪደርቅ ስንጠብቅ የኖርን ሰዎች ነን። ጭስ ሳይፈልግ፣ ሳይገለበጥ፣ ሳይታሰር ሳይፈታ፣ ወርቅ መስሎ፣ ቀሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ አንድ የነቀዝ ቀዳዳ ሳይኖረው ቆሞ ስናገኘው እግዜር ራሱ አድርቆ የሰጠን መሰለን። ቆራጩ ጨረቃዋንም አልጠበቀም፤ ውሃ የሌለውን ሽመል ጨረቃ ምን ታደርገዋለች? ሎሪው እስኪጎብጥ ጭነን መፋዛ ወረድን።

ሐጁ የመጀመሪያውን ጥፍራቸው ላይ አሽከረከሩት። አንጎራጎረ። ድንጋይ ላይ ጣሉት፤ እንደ ቃጭል ጮኸ። እኔን አዩኝ፣ ሽመሉን አዩ። በስተቀኝ አስቀመጡት። ሁለተኛውም በስተቀኝ። ጉብጠቱን ሲፈትኑት ጠንካራ ነው፣ አይበገርም፤ ደስ አላቸው። በስተቀኛቸው ያለው ክምር ከጉልበታቸው ሲያልፍ ያን ቀን ብቻ አየሁ። ኻልቲ ወጥተው አዩና «ታዲያ እኔ በምን ልቀቅል ነው?» ብለው አሾፉ። ሐጁ ሳቁ። ሽመል ይዘው ሲስቁ ያን ቀን አየኋቸው።

ማቃናቱን በማግስቱ ጀመሩ። ፍሙን አቀጣጠሉ፣ ዘንጉን የሰሊጥ ዘይት ቀቡት፣ ጠመም ያለችውን ቦታ እሳቱ ላይ አሞቁና ጥርስ በወጣለት እንጨት ውስጥ አድርገው ጫን አሉት። ጤነኛ ሽመል እዚህ ላይ ይለሰልሳል፣ እንደ ሰም እሺ ይላል። ያ ግን ቀጭ አለ። ሌላ አነሡ። ቀጭ። ሙቀቱ በዝቶበት ይሆናል ብለው ፍሙን ቀነሱ። ቀጭ። እኔ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ መጠጣቱን ተውኩት። በመጨረሻ ምንም ጠማማ የሌለበትን፣ እሳት የማያስፈልገውን መርጠው ቀስት ላይ አድርገው ለመሞከር ጅማቱን ሳቡ። ሲለቁት ዘንጉ እዚያው ፊታቸው ላይ ተሰነጣጠቀ፤ ስንጥሩ እጃቸውን ቧጨረው።

አልተቆጡም። ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቅመው ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ደረደሩት፣ ወንድማማች እንደሚደረድሩ።

«ልቡን ለፍሬው ሰጥቶታል» አሉ። «እኛ ሬሳ ስናማርጥ ነበር።»

ኻልቲ በር ላይ ቆመው ነበር። ማገዶውን ለመውሰድ አልመጡም።

ከዚያ በኋላ ፍለጋ ነው። ሌላ ኮር ላይ ሌላ ሽመል ይኖራል አልን። ቆራጩ ወደ ላይ ወጣ፣ እኔ ወደ ጋላባት ሄድኩ፣ ድንበሩን ተሻግሬ መተማ ጠየቅሁ፤ ወደ ዲንደር በኩል የሚሄዱ ሰዎችንም ላክሁ። የሄድንበት ሁሉ እሱም አብቦ ነበር። ቆራጩ ሲመለስ ጫማውን አውልቆ ከፊቴ ተቀመጠና፣ «አያ፣ ይህ ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ነው መሰለኝ፤ አንድ ቀን ተቀጣጥሮ ሞቷል» አለኝ።

ሌላም ሞከርኩ። ነጋዴ ነኝ፣ የሌለ ነገር ስጠን ሲሉኝ ያለ ነገር ማምጣት ሙያዬ ነው። የወንዝ ሸምበቆ አመጣሁ፤ ሐጁ በሁለት ጣታቸው ጭምቅ አድርገው መለሱልኝ። ከፖርት ሱዳን የሚመጣ የቻይና መጥረጊያ እጀታ አገኘሁ፤ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ጫፉ ላይ ጽሕፈት ያለበት ቀርከሃ። ይህን ሰጥቻቸው በኩራት ጠበቅኋቸው። አገላብጠው አዩት።

«ይህ ማነው?»

«እንግዳ ነው ሐጅ። ከሩቅ የመጣ።»

«ለመጥረጊያ ተፈጥሯል። ሥራውን አትቀማው።»

ከፍሬው ቡቃያ ወጥቶ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልችልም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ከሞተው ዱር ሥር ሣር የመሰለ አረንጓዴ ነገር ምድሩን ሞላው። ቆራጩ በእሾህ አጠረው፣ ሰነበተ፣ ጠበቀው። ፍላጻ የሚሆን ዘንግ እስኪያወጣ ስንት ክረምት እንደሚፈልግ ሐጁን ጠየቅኋቸው። ጺማቸውን ያዝ አድርገው ለቀቁት። በበጋ ከብቶቹ ወረዱ። አጥሩን ጥሰው ቡቃያውን እስከ ሥሩ ጋጡት። የማን ከብቶች? ከሐጁ ራኩባ ሥር ተቀምጠው ፍላጻ የሚጠብቁት የነዚያው ሰዎች። እረኛውን ቆራጩ ይዞ ሲጮህበት፣ እረኛው ግራ ተጋብቶ፣ «ሣር ነው እኮ!» አለው። እውነቱን ነው። ሣር ነበር። የተረፈውን ደግሞ በቀጣዩ ዓመት የሰሊጥ እርሻ ትራክተር ገለበጠው። ቆራጩም መጥረቢያውን ትቶ ከሰሊጥ አጫጆቹ ጋር ገባ፤ የገባው እዚያው ኮር ዳር ወደተከፈተው እርሻ ነው። መንገድ ላይ ሳገኘው፣ «ቦታውን ስለማውቀው አልጠፋም» አለኝ። ሁለታችንም ለመሳቅ ሞከርን፤ አልሆነልንም።

አርቢዎቹ ሁለት በጋ እንደ ልማዳቸው መጡ። ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ስለ ላሞቻቸው አወሩ። ሐጁ የድሮ ፍላጻቸውን እየጠገኑ፣ ላባ እየቀየሩ ሰጧቸው። ሦስተኛው በጋ ላይ ሰላም ብለው ከበሩ ያልፉ ጀመር። አይፈረድባቸውም፤ የሚጠብቁት ነገር በሌለበት ሰው እንዴት ይቀመጣል? ኻልቲ አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርተው፣ «ሲያወራ ጣቶቹን አይተሃል?» አሉኝ። አየሁ። ሐጁ ከሰው ጋር እየተነጋገሩ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ አውራ ጣቱን ከጠቋሚው ጋር ያሻል፤ ባዶውን ያሽከረክራል።

ከዚያ ወዲህ መፋዛን እየዞርኩ ማለፍ ለመድሁ። ባዶ እጄን ሄጄ ምን ልላቸው? የመጨረሻው ጊዜ ግን አልቀረልኝም። ዝናቡ አብቅቶ ነበር። ለጣሪያ የሚሆን የሞተ ሽመል፣ ከዚያው ከደረቀው ዱር የተረፈውን፣ በሎሪ ጭኜ ሳልፍ ኻልቲ ከመንገዱ መካከል ቆመው አስቆሙኝ።

«ሎሪህን ሰምቷል። ሳትገባ ብታልፍ ደግ አይደለም።»

«ኻልቲ፣ የጫንኩት የጣሪያ ነው። ምን ላሳያቸው?»

«አንድ እስር አውርድ» አሉኝ። «ምንም አታውራ።»

ሐጁ ምንጣፉን አንጥፈው ጠበቁኝ። ከስተዋል፤ ትከሻቸው ጀለቢያውን እንደ ካስማ ወጥሮታል። ስለ ጤና፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን፤ ሰላምታው እንዲረዝም ጣርኩ። ሲያልቅ «ፍታው» አሉ።

ፈታሁት። የመጀመሪያውን አቀበልኩ። ጥፍራቸው ላይ አሽከረከሩት፤ ዘለለ። ከሩቅ የሚታይ ጠማማ ነው። በስተግራ እስኪጥሉት ጠበቅሁ።

«ጥሩ ነው» አሉና በስተቀኝ አስቀመጡት።

የተሳሳቱ መሰለኝ። ሁለተኛውን ሰጠኋቸው። እሱም አንጓው መካከሉ ላይ ነው። «ጥሩ ነው።» ሦስተኛው ላይ ከጫፍ እስከ ወገቡ የወረደ ስንጥቅ አለበት። አውራ ጣታቸው በዘንጉ ላይ ሲሄድ ስንጥቁን አገኘው፤ ሲያገኘው ቆም እንዳለ አየሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ አለፈው።

«ይህም ጥሩ።»

«ሐጅ» አልኩ፣ ኻልቲ አታውራ ያሉኝን ረስቼ፤ «ሙት ነው እኮ! እሳት ሳያይ ይሰበራል። ጠማማውም ጠማማ ነው፣ ያኛውም አንጓው ሆዱ ላይ ነው። ለኔ አዝነው ከሆነ ይተዉት፤ የጣሪያ ገዢ አለኝ።»

በነጋዴነቴ የራሴን ዕቃ ለገዢ ያጣጣልኩት ያን ቀን ነው። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝ። ዐይናቸው ጤነኛ ነበር፤ እንደ ድሮው የሚወጋ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ሌላ ስጠኝ።»

ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ? አንዳንዱ ከእስሩ ስመዝዘው ብቻ እጄ ላይ እየፈረሰ ወለቀ። እሱን እንኳ አልሰጥም ብዬ ወደ ኋላዬ አስቀምጥ ጀመር። ቀስ በቀስ እኔ መራጭ ሆንኩ፤ በመጠኑ የሚመስለውን ወደ ፊት፣ የባሰውን ወደ ኋላ። እሳቸው የሰጠኋቸውን ሁሉ ያሽከረክራሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ደረታቸው ላይ ገፋ ያደርጋሉ፣ አንዱንም ሳያስቀሩ ሥርዓቱን ሁሉ ይፈጽማሉ፤ በመጨረሻም «ጥሩ ነው» ይላሉ። ሎሪው ከውጭ ጥሩምባውን ነፋ፤ ማንም አልተነሣም። ከኋላዬ ያለው ክምር በስተቀኛቸው ካለው በለጠ። እስሩም አለቀ።

ሐጁ የመጨረሻውን በስተቀኝ አስቀመጡ፣ ክምሩን በመዳፋቸው አስተካከሉ፣ እጃቸውን እንደገና ወደኔ ዘረጉ። «አልቋል» ማለት ነበረብኝ። ወደ ኻልቲ ዞር ብዬ አየሁ፤ ፊታቸውን ወደ ማድ ቤቱ መልሰዋል። እጄን ወደ ኋላዬ ሰድጄ ከተጣለው አንዱን፣ ለማገዶም የማይረባውን፣ አንሥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት።

ጥፍራቸው ላይ አሽከረከሩት። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡት።

«ጥሩ ነው» አሉ፤ እጃቸውንም መልሰው ዘረጉ።